ከእግራችን ስር የእሳት ባሕር የለም፦ ስለ ድንጋዮቻችን ለተጻፈው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ስለ ድንጋይ፣ ስለ ማዕድንና ስለ ምድር ውስጥ የተጻፈ ረዘም ያለ ጽሑፍ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር አየሁ። ጽሑፉ ጥሩ ተነባቢ ነው። ጸሐፊው አገራቸውን እንደሚወዱ ከየመስመሩ ያስታውቃል። ወጣቶች የረገጡትን ድንጋይ ጎንበስ ብለው እንዲያዩ ማነሣሣታቸውም የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን ከያዛቸው ነጥቦች አብዛኞቹ ስህተት ናቸው። አንዳንዶቹ ጉዳት የላቸውም፤ ተሳስቶ ማወቅ ብቻ ነው። መጨረሻ ላይ ያሉት ግን የሰው ኪስ ይነካሉ፣ ከዚያም አልፎ የሰው ሕይወት ይነካሉ። ስለዚህ በዝምታ ማለፍ አልሆነልኝም።

ላላነበባችሁት ባጭሩ ልንገራችሁ። እንደ ጸሐፊው ከሆነ የምንኖርባት መሬት በቀለጠ እሳት ባሕር ላይ የምትንሳፈፍ ስስ ቅርፊት ናት። የምድር ውስጥ ምን እንደሆነ ያየ ሰው ስለሌለ ሳይንቲስቶች የሚሉት ሁሉ ግምት ነው። የአክሱም ሐውልቶች ድንጋይ አቅልጦ በቅርጽ በማፍሰስ የተሠሩ ናቸው፤ ላሊበላም መሮ የማይበግረው ግራናይት ነው። አገራችን ከላይ እስከ ታች ጥቁር ድንጋይ ስለሆነች ባሕር ነክቷት አያውቅም። ያም ሆኖ አፋር በእኛ ዕድሜ ተሰንጥቆ ባሕር ይገባል። በመጨረሻም ኦፓል የሚባለውን የጌጥ ድንጋይና ወርቅ ለሚፈልጉ ወጣቶች ምክር ይሰጣል።

ከእሳቱ ባሕር ልነሣ። በዚህ ጸሐፊውን ብቻ መውቀስ አይገባም። መማሪያ መጽሐፍ ላይ የምድር ውስጥ ሁልጊዜ በቀይና በብርቱካናማ ስለሚሳል ብዙዎቻችን እንዲሁ እያሰብን አድገናል። እውነታው ግን ሌላ ነው። ከምንቆምበት እስከ ምድር መሃል 6,371 ኪሎ ሜትር ነው። ቅርፊቱ ከዚህ ውስጥ በጣም ትንሹ ነው። ከውቅያኖስ ስር 7 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። በእኛ ደጋ ስር ወደ 40 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ወደ ደናክል ስትወርዱ እየሳሳ ሄዶ 16 ኪሎ ሜትር ገደማ ይደርሳል። ከቅርፊቱ ስር ደግሞ እስከ 2,890 ኪሎ ሜትር ጥልቀት ድረስ ማንትል የሚባለው ክፍል አለ። ከምድር ይዘት ከአምስት አራቱ እጅ እሱ ነው። ማንትል ደግሞ ጠጣር ድንጋይ ነው።

ሙቀቱ ከሺህ ዲግሪ በላይ ሆኖ እንዴት ጠጣር ይሆናል? በላዩ ያለው ክብደት ነው የሚይዘው። ድንጋይ ሲቀልጥ ሰፋ ማለት ይፈልጋል፤ ግፊቱ ያንን አይፈቅድለትም። ሆኖም ግትር ብሎ አይቀመጥም። ሙቀት ባለበት ቤት የተተወ ጧፍ ሳይቀልጥ ቀስ ብሎ እንደሚጎብጥ ሁሉ፣ ማንትልም ሳይቀልጥ በዓመት በሴንቲ ሜትር በሚቆጠር ፍጥነት ይንቀሳቀሳል። አህጉሮችን የሚያንቀሳቅሳቸውም ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው።

«ታዲያ ኤርታሌ ላይ የሚፈላው ከየት መጣ?» ትሉ ይሆናል። ጸሐፊውም ዋና ማስረጃ አድርገው ያቀረቡት ኤርታሌን ነው። መልሱ ከላይ ካልኩት ይመጣል። የጋለ የማንትል ድንጋይ ወደ ላይ ሲወጣ በላዩ ያለው ጫና ይቀንሳል። ጫናው ሲቀንስ ከድንጋዩ ጥቂቱ፣ ጥቂቱ ብቻ፣ ይቀልጣል። ያ ቅላጭ ማግማ ይባላል። ከአካባቢው ድንጋይ ቀለል ስለሚል ስንጥቅ እየፈለገ ይወጣል። ማግማ የሚፈጠረው እንዲህ የሚያደርግ ምክንያት ባለበት ቦታ ብቻ ነው። በአፋር ስር ያልተለመደ ትኩስ ድንጋይ ከጥልቅ እየወጣ ስለሆነ ኤርታሌ እዚያ አለ። በየትም ስር የእሳት ባሕር ቢኖር ኖሮ ኤርታሌ በየአውራጃው በኖረ።

ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ግን በእጅ የሚያዝ ነው። በቦረና ሜጋ አካባቢ፣ እንዲሁም በጎጃም እንጅባራ አካባቢ፣ ጥቁሩን የገሞራ ድንጋይ ስትሰብሩት አንዳንዴ ውስጡ አረንጓዴ ቁራጭ ተሰክቶ ታገኛላችሁ። ጠጋ ብላችሁ ስታዩት እንደ ሻካራ ስኳር በፍንጣሪዎች የተሞላ ነው። አረንጓዴው ማዕድን ኦሊቪን ይባላል። ያ ቁራጭ ማግማው ሲወጣ ከማንትል ገንጥሎ ያመጣው ድንጋይ ነው። አንዳንዱ ጥጉ ድቡልቡል ሳይሆን እንደ ተሰበረ ነው የወጣው። ፈሳሽ ነገር ተሰብሮ በጥግ በጥጉ አይወጣም። የእሳት ባሕር ውስጥ የነበረ ድንጋይ ቢሆን ኖሮ ድራሹ በጠፋ ነበር።

እርግጥ ነው፣ የቀለጠ ነገር ከታች አለ። ከ2,890 እስከ 5,150 ኪሎ ሜትር ድረስ ያለው ውጫዊው እምብርት ፈሳሽ ነው። ነገር ግን ድንጋይ አይደለም፤ አብዛኛው ብረት ነው፣ ኒኬልም አለበት። የኮምፓስ ቀስት ወደ ሰሜን የሚያመለክተው ያ ብረት ስለሚላወስ ነው። ከእሳተ ገሞራ ግን የሚወጣው እሱ አይደለም። ከእሱም ስር ያለው ውስጣዊው እምብርት ደግሞ መልሶ ጠጣር ነው። ጸሐፊው ወደ ታች በሄድን ቁጥር እየቀለጠ ይሄዳል ያሉት እዚህ ላይ ይፈርሳል። የምድር መሃል ጠጣር ነው።

ይህን ማን አየው? ጸሐፊው ጠንከር አድርገው የጠየቁት ጥያቄ ነው፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። በዓይን ያየው የለም። ሰው ከቆፈራቸው ጉድጓዶች ጥልቁ በሩሲያ ኮላ ያለው ነው። ቁፋሮው እ.ኤ.አ. በ1970 ተጀምሮ በ1989 12,262 ሜትር ላይ ቆመ። ቅርፊቱን እንኳ አልጨረሰም። ታች ያለው ሙቀት 180 ዲግሪ ሆኖ መቆፈሪያውን አላሠራ አለ። ግን በዓይን አለማየት ሁሉ ግምት አይደለም። ሐኪምም የሆድ ዕቃችንን በዓይኑ አያይም።

የምድርን ውስጥ ያሳየን የመሬት መንቀጥቀጥ ነው። አንድ ትልቅ መንቀጥቀጥ ሲነሣ ሞገዱ ምድርን ሰንጥቆ ያልፋል። ከሞገዶቹ አንዱ ዓይነት ጎን ለጎን እየናጠ የሚሄድ ነው፤ ይህ ሞገድ በፈሳሽ ውስጥ አያልፍም። ማንትል ውስጥ ግን አለምንም ችግር ያልፋል። የእሳት ባሕር ቢኖር ቅርፊቱ ስር ሲደርስ በጠፋ ነበር። የሚጠፋው እምብርቱ ጋ ሲደርስ ነው። እምብርቱ ፈሳሽ መሆኑ የታወቀው በዚህ ነው። ከዚያ በኋላ ኢንገ ሌማን የምትባል ዴንማርካዊት የሴይስሞሎጂ (የመሬት መንቀጥቀጥ ጥናት) ባለሙያ፣ መድረስ የማይገባቸው ቦታ የደረሱ ደካማ ሞገዶችን አጥንታ እ.ኤ.አ. በ1936 በፈሳሹ ውስጥ ሌላ እምብርት እንዳለ አሳየች። ኮምፒውተር በሌለበት ዘመን በወረቀትና በእርሳስ ነው የሠራችው። ይህን ግምት ብሎ ማጣጣል እሷንም ሥራዋንም መበደል ነው። እኛም ከዚህ ሥራ ውጭ አይደለንም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ መንቀጥቀጥ የሚመዘግብ ጣቢያ አለው። ፉሪ ተራራ ላይ ያለው መሣሪያም በዓለም አቀፉ መረብ ውስጥ ሆኖ ከሌላው ዓለም ጫፍ የሚመጣውን ሞገድ ይቀበላል።

ማዕድንና ድንጋይ አንድ ናቸው ስለተባለው ብዙ አልልም። ማዕድን የራሱ ውህደትና የራሱ ሥርዓት ያለው አቀማመጥ ያለው ነገር ነው፤ ኳርትዝ፣ ጨው፣ ወርቅ። ድንጋይ ብዙ ጊዜ የማዕድናት ስብስብ ነው። ግራናይት ላይ ነጩ፣ ሮዛማውና የሚያብለጨልጨው ለየብቻቸው በዓይን ይታያሉ። ሦስቱ የድንጋይ ዓይነቶችም፣ ማለትም ከማግማ የቀዘቀዘው፣ ከደለል የተነባበረውና በሙቀትና በጫና የተለወጠው፣ እንደ ተፈጠሩ የሚቀሩ አይደሉም። ከቤንሻንጉል ዳለቲ የሚመጣው እብነ በረድ መጀመሪያ በሃ ድንጋይ ነበር። ከመሬት ስር ሙቀትና ጫና አግኝቶት ነው የተለወጠው። አልማዝ ከድንጋይ ከሰል ይሠራል የተባለውም ትክክል አይደለም። አልማዝ የሚፈጠረው ከ150 ኪሎ ሜትር በታች ነው፤ አብዛኛውም ከሰል የሆኑት ዕፅዋት ከመብቀላቸው በፊት የተፈጠረ ነው።

አሁን በጣም ወደ ከነከነኝ ነጥብ ልምጣ። የአክሱም ሐውልቶች ድንጋይ አቅልጦ በማፍሰስ ተሠሩ የሚለው ነው። ጸሐፊው ይህን ያሉት ሐውልቶቹን ለማክበር እንደሆነ ይገባኛል። ውጤቱ ግን ተቃራኒ ነው። ድንጋዩን በእጃቸው ከተራራ ላይ ገንጥለው፣ ጎትተው፣ ጠርበው ያቆሙትን ሰዎች ሥራ ይነጥቃቸዋል።

ድንጋዩ ራሱ ይመሰክራል። ሐውልቶቹ ብዙ ጊዜ ግራናይት ናቸው ቢባልም ትክክለኛው ስም ኔፌሊን ሳየናይት ነው። ግራናይት የሚያሰኘው ኳርትዝ የለበትም። ወደ ሐውልቱ ጠጋ ብላችሁ ብታዩት ግራጫው ገጽታ አንድ ወጥ አይደለም። እርስ በርሳቸው የተጠላለፉ የማዕድን ፍሬዎች በዓይን ይታያሉ። ማግማ እንዲህ ያለ ፍሬ የሚያበጀው ከመሬት ስር ሆኖ እጅግ ቀስ ብሎ ሲቀዘቅዝ ነው። ቶሎ ከቀዘቀዘ ፍሬው ይደቅቃል። ጭራሽ በድንገት ከቀዘቀዘ ደግሞ ፍሬ አይኖረውም፤ መስታወት ይሆናል። ባልጩት ማለት ይህ ነው። እንግዲህ የጥንት ሰዎች ድንጋይ አቅልጠው በቅርጽ አፍስሰው ቢሆን ኖሮ ዛሬ አክሱም ላይ የቆመው እንደ ባልጩት ያለ ነገር በሆነ፣ ወይም በዓይን የማይለይ ደቃቅ ድንጋይ በሆነ ነበር።

በዚያ ላይ ድንጋዩ የተቆረጠበት ቦታ አለ። ከአክሱም በስተ ምዕራብ ጎቦ ድራ ይባላል። እዚያ ትላልቅ ድንጋዮች ላይ በመስመር የተደረደሩ አራት ማዕዘን ጎድጓዶች ዛሬም ይታያሉ። ጠራቢዎቹ በጎድጓዶቹ ውስጥ ሽብልቅ እየከተቱ ነው ድንጋዩን በቀጥታ መስመር የሰነጠቁት። አንዳንዱ ጎድጓድ ተቆፍሮ ሳይሰነጠቅ የቀረ ነው። የሚያፈስ ሰው ሽብልቅ ምን ይሠራለታል? ከሁሉም ትልቁ ሐውልት 33 ሜትር ርዝመትና 520 ቶን ያህል ክብደት አለው፤ ወድቆ ተሰባብሯል። የተሰበረበት ቦታ ላይም ያው የተጠላለፈ ፍሬ ከዳር እስከ ዳር ይታያል። ወደ ሮም ተወስዶ የነበረው 24 ሜትሩ ሐውልት እ.ኤ.አ. በ2005 ተከፋፍሎ ሲመለስና በ2008 ሲቆም በዘመናዊ ማሽን እንኳ ምን ያህል እንዳስቸገረ ሁላችንም አይተናል። ያን ሥራ ያለ ማሽን የሠሩት ሰዎች ምስጋናቸው ሊሰጣቸው ይገባል።

የላሊበላው ደግሞ የባሰ ነው። ላሊበላ ግራናይት አይደለም። ድንጋዩ ቀላ ያለ፣ በአረፋ ቀዳዳ የተሞላ የገሞራ ድንጋይ ነው። በረዥም ዘመን ተብላልቶ ለስልሷል። ለመሮ ይመቻል። አስራ አንዱ አብያተ ክርስቲያናት ከላይ ወደ ታች ሲፈለፈሉ ጠራቢዎቹ የትኛው ድንጋይ እንደሚታዘዝላቸው አውቀው ነው የመረጡት። በትግራይ ገርዓልታ ያሉትን የፈለፈሉትም እንዲሁ አሸዋ ድንጋይ ነው የመረጡት። ይህ ትልቅ ዕውቀት ነው። ጸሐፊው ግን ድንጋዩን መሮ የማይበግረው ሲያደርጉት ዕውቀቱን አጠፉት።

ይህ ስህተት ሌላም ጣጣ አለው። ላሊበላ አይበገሬ ግራናይት ነው ብሎ የሚያምን ሰው ለምን መጠለያ እንደተሠራለት፣ ለምን ጥገና እንደሚጮኽለት አይገባውም። ድንጋዩ ለስላሳና ቀዳዳማ ስለሆነ ዝናቡን ይመጥጣል። ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ስንጥቁ የሚሰፋው በዚህ ነው። የመፈልፈሉን ሥራ ያቀለለው ባሕርይ ራሱ ነው ዛሬ የሚጎዳው።

ባሕር ነክቶን አያውቅም ወደሚለው እንለፍ። ለዚህ መልስ ለመስጠት ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር መጓዝ ይበቃል። ጎሃ ጽዮን ላይ ትደርሱና መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርዳል፤ ከዚያም ወደ ደጀን ይወጣል። ሸለቆው ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ወደ ታች ይሰምጣል። አብዛኛው ተሳፋሪ ሾፌሩን ነው የሚያየው። መስኮቱን ቢያይ ግን የአገሪቱ ታሪክ ተራ በተራ ያልፍለታል።

ከላይ ያለው ጥቁሩ ባሳልት ነው። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከመሬት ስንጥቅ እየወጣ፣ አንዱ ባንዱ ላይ እየተነጠፈ ደጋውን የሠራው እሱ ነው። የሰሜን ተራሮችም የዚያ ሥራ ናቸው። እስከዚህ ጸሐፊው ልክ ናቸው። ግን ባሳልቱ ክዳን ነው። ትንሽ ወረድ ስትሉ ቢጫማና ነጣ ያለ፣ በንብርብር የተቀመጠ ድንጋይ ይመጣል። በሃ ድንጋይ ነው። ውስጡ የባሕር ቀንድ አውጣና ዛጎል አለበት። ዳይኖሰሮች በነበሩበት ዘመን ከምሥራቅ የመጣ ባሕር እዚህ ድረስ ገብቶ ነበር። ከበሃው ስር ደግሞ ጀሶ ታገኛላችሁ። ጀሶ የሚፈጠረው ጥልቀት የሌለው የባሕር ውሃ በፀሐይ ሲተን ነው። ማለትም ባሕሩ መጀመሪያ ሲገባ ረግረግ የሚል ጥልቀት የለሽ ዳርቻ ነበር፤ ኋላ ነው እየጠለቀ የሄደው። ከታች በኩል ቀላ ያለ አሸዋ ድንጋይ አለ። እሱ ከባሕሩ በፊት ወንዞች ያመጡት ደለል ነው።

ማስረጃ ፍለጋ ዓባይ ድረስ መውረድ ያላሰኘው ደግሞ ቤቱን ይመልከት። ሲሚንቶ የሚሠራው ከበሃ ድንጋይ ነው። የሙገር ሸለቆና የመቀሌ አካባቢ ፋብሪካዎች የሚፈጩት ያ ጥንታዊ ባሕር ያስቀመጠውን ድንጋይ ነው። ባሕር ነክቶን ባያውቅ ኮንዶሚኒየም አይኖረንም ነበር።

አፋር ላይ ጸሐፊው ግማሹን ይዘዋል። አፋር እየተከፈተ ነው። የዓረቢያ፣ የኑቢያና የሶማሊያ ሰሌዳዎች፣ ማለትም የምድርን ገጽ የሚከፋፍሉ ግዙፍ የድንጋይ ቁራጮች፣ እዚያ ይለያያሉ። እ.ኤ.አ. መስከረም 2005 በዳባሁ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር ያህል በሚረዝም መስመር ማግማ ከስር ገብቶ መሬቱን እስከ 8 ሜትር ከፈተው። ይህ የሆነው በሳምንታት ውስጥ ነው። ጸሐፊው ታዲያ 8 ሜትሩን በዓመት አባዝተው በእኛ ዕድሜ ባሕር ይገባል አሉ። ሂሳቡ እንዲህ አይሠራም። ሰሜን አፋር በአማካይ የሚከፈተው በዓመት ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ዋናው የስምጥ ሸለቆ ደግሞ ከዚያ በብዙ ያንሳል፤ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ያ 8 ሜትር ለመቶዎች ዓመታት የተጠራቀመ ውጥረት በአንዴ ሲለቀቅ የታየ ነው። ከዚያ በኋላ መሬቱ እንደገና ለረዥም ጊዜ ይወጠራል።

ደግሞ ባሕሩ ለደናክል እንግዳ አይደለም። ቀይ ባሕር ከዚህ በፊት ገብቶ ያውቃል። በደናክል ዳር ዳር ጥቃቅን የባሕር እንስሳት የገነቡት፣ የደረቀ የኮራል ድንጋይ ከነቅርጹ ቆሟል። ዳሎል ስር ያለው ጨው በአንዳንድ ቦታ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ይወፍራል። የአፋር ጨው ቆራጮች በመጥረቢያ እየቀረጹ አሞሌ የሚያወጡት፣ ግመሎች ወደ በራህሌ የሚጭኑት፣ ተኖ የቀረ ባሕር ነው። አገራችን ባሕር ነክቷት አያውቅም ያለ ሰው ይህን እንዴት እንደዘለለው አይገባኝም።

ስለ ፈንታሌም አንድ ነገር ልበል፤ ምክንያቱም ሰው ፈርቷል። ከ2024 መገባደጃ እስከ 2025 መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) በአዋሽ ፈንታሌና በዶፈን እሳተ ገሞራዎች መካከል መሬቱ ደጋግሞ ሲንቀጠቀጥ አዲስ አበባም ፎቅ ላይ ያለ ሰው ተሰምቶታል። ጸሐፊው ይህን አዲስ አበባ ስር ያለው እሳት መነቃቃቱ ነው ብለው ተርጉመውታል። አይደለም። ማግማ ከስምጥ ሸለቆው ስር በስንጥቅ ውስጥ ገብቶ ነው፤ ቦታውም እዚያው ፈንታሌና ዶፈን መካከል ነው። አዲስ አበባ በስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ላይ ስላለች የሚያሰጋት መናወጡ እንጂ ላቫ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1961 ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን ባለችው ካራቆሬ ላይ የተነሣው መንቀጥቀጥ የመጀቴን ከተማ ያፈረሰው ያለ ምንም እሳት ነው። ሰውን ስለ እሳት ባሕር ከማስፈራራት ይልቅ ኮንትራክተሩ ብረቱን በልኩ አስሯል ወይ፣ ቤቱ የተሠራበት አፈር ምን ዓይነት ነው ብሎ እንዲጠይቅ ማድረግ ይሻላል።

አሁን ወደ ኦፓሉና ወደ ወርቁ። ይህን ለመጨረሻ ያስቀመጥኩት ከሁሉም ስለሚብስ ነው።

ጸሐፊው ኦፓል እውነተኛ መሆኑን ለማወቅ ውሃ ውስጥ ክተቱት፤ ቀለሙ ከጠፋ ሐሰተኛ ነው ብለዋል። የወሎ ኦፓል ላይ ይህ ፍጹም ተቃራኒ ነው። ከወገል ጤና፣ ከደላንታ የሚወጣው ኦፓል በጣም ረቂቅ ቀዳዳዎች ስላሉት ውሃ ይጠጣል። ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ብትጨምሩት ትናንሽ አረፋዎች ከላዩ ሲወጡ ታያላችሁ። ቀስ በቀስ ነጣ ያለው ድንጋይ ጥርት ይላል። የሚጫወተው አረንጓዴና ቀይ ቀለም ይደበዝዛል፣ አንዳንዴም ፈጽሞ ይጠፋል። አውጥታችሁ ስታደርቁት በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ ይመለሳል። ይህ የእውነተኛው የወሎ ኦፓል ጠባይ ነው። በጸሐፊው መመዘኛ ከሄድን ደላንታ ያለ ወጣት ያወጣውን ምርጥ ድንጋይ ሐሰተኛ ብሎ ይጥላል። ወይም ብልጥ ደላላ ውሃ ውስጥ ከትቶ ያሳየውና በርካሽ ይወስድበታል።

እግረ መንገዴን ለሻጭም ለገዢም ልጨምር። ውሃ የጠጣ ኦፓል ክብደቱ ይጨምራል፤ በግራም ስትገበያዩ ደርቆ ይመዘን። ዘይት፣ ሽቶና ቀለም ስለሚጠጣ በእነዚህ አታሹት። በድንገት አታሙቁት፣ ይሰነጠቃል።

ሁለተኛው ምክር ኦፓል ጥቁር ድንጋይ ባለበት ሁሉ አለ፣ ጥልቅ በተቆፈረ ቁጥር ጥሩው ይገኛል የሚል ነው። ይህ ሰው ይገድላል። ኦፓሉ የተፈጠረው ውሃ ከገሞራ አመድ ውስጥ ሲሊካ (ኳርትዝ የሚሠራበትን ነገር) እያሟሟ ወስዶ በቀዳዳና በስንጥቅ ሲያስቀምጠው ነው። ደላንታ ላይ ከብዙ መቶ ሜትር የገሞራ ድንጋይ ውስጥ ኦፓል ያለው አንድ ቀጭን ንብርብር ላይ ነው፤ በብዙ ቦታ ውፍረቱ አንድ ሜትር እንኳ አይሞላም። ንብርብሩ በገደሉ ወገብ ላይ አግድም ይሄዳል። ከሱ ወደ ታች መቆፈር ድካም ብቻ ነው። ንብርብሩን ተከትሎ ወደ ውስጥ መግባት ደግሞ ከራስ በላይ ተሰነጣጥቆ የቆመ ድንጋይ ስር መግባት ነው። በዚያ ገደል ዋሻ ተደርምሶባቸው ያልወጡ ልጆች እንዳሉ የአካባቢው ሰው ያውቃል። ድጋፍ ሳያቆሙ ወደ ውስጥ ግቡ፣ አሁንም ጥልቅ ሂዱ ብሎ መጻፍ ቀላል አይደለም።

ወርቁም እንዲሁ ነው። ባልጩት በሚያበራበት ወርቅ አይጠፋም ተብሏል። ባልጩት ብዙ የሚገኘው በስምጥ ሸለቆው ውስጥና ዳር ነው። መልካ ቁንጡሬ አጠገብ ባለው መገኛ ሰው ከአንድ ሚሊዮን ዓመት በፊት ጀምሮ መሣሪያ ሠርቶበታል። ስለታም ነው፣ ውብ ነው፤ የወርቅ ምልክት ግን አይደለም። አገራችን ውስጥ ብዙው ወርቅ የሚወጣባቸው አዶላ፣ አሶሳና አኮቦ የሚታወቁት ከ500 ሚሊዮን ዓመት በላይ ባስቆጠሩ ልውጥ ድንጋዮች ነው። እዚያም ወርቁ የሚፈለገው በነጭ ኳርትዝ ጅማት ውስጥና ከዚያ ታጥቦ በወረደ የወንዝ አሸዋ ውስጥ ነው።

በሚያብረቀርቅ ቢጫ ነገር የተጠራጠረ ሰው ቀላል መፈተኛ አለው። ቀለም ያልተቀባ የሸክላ ሰሌዳ ላይ፣ ለምሳሌ የሰድር ጀርባ ላይ፣ ይፋቀው። ወርቅ ቢጫ መስመር ይተዋል። ወርቅ የሚመስለው ፓይራይት የሚባል ማዕድን ከሆነ ወደ ጥቁር የሚሄድ አረንጓዴማ መስመር ይተዋል። በመዶሻ ሲመታ ወርቅ ይጠፈጠፋል እንጂ አይሰበርም፤ ፓይራይት ይፈረካከሳል። ገበቴ ላይም ወርቁ ከሁሉ ከብዶ ታች ይቀራል። ይህን ያህል ለማወቅ መሬት መቆፈር አያስፈልግም። የትኛው አካባቢ ምን ዓይነት ድንጋይ እንዳለው ደግሞ የኢትዮጵያ ጂኦሎጂካል ኢንስቲትዩት ካርታ አለው፤ ከመቆፈር በፊት እሱን ማየት ይቀድማል።

ጸሐፊውን የምጠይቃቸው አንድ ነገር ነው። ስለ እሳት ባሕሩና ስለ ሐውልቶቹ የጻፉትን ካላመኑኝ ይተዉት፤ እንከራከርበታለን። የኦፓሉን የውሃ ፈተናና የጥልቅ ቁፋሮውን ምክር ግን ዛሬውኑ ያውርዱት። ጽሑፉን አንብባችሁ ለሌላ የላካችሁ ሰዎችም ለዚያው ሰው ይህን ላኩለት፤ በተለይ ደላንታ ዘመድ ያላችሁ።